ልጄ ስታነብ መስመር ይጠፋባታል፤ "የዓይን ስፖርት" የሚሉት ነገር ይረዳታል?

የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ፦

ሰላም ናችሁ? ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

10 ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። 4ኛ ክፍል ናት። ከሩቅ የሚመጣን ሰው ከኔ ቀድማ ትለያለች። የመኪና ታርጋ ከመንገዱ ማዶ ታነብልኛለች። መጽሐፍ ሲሰጣት ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ሁለት ሦስት መስመር ሄዳ ቦታው ይጠፋባታል። ያነበበችውን መልሳ ታነባለች፣ ወይ አንድ መስመር ትዘላለች። በጣቷ ካልተከተለች አይሆንላትም። ትንሽ ከቆየች ደግሞ "እማ፣ ግንባሬን" ትላለች።

በቀደም ማሽኔ አጠገብ ቁጭ ብላ የቤት ሥራ ስትሠራ አየኋት። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍናለች።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"እንዲህ ሳደርግ ፊደሉ ዝም ይላል።"

"ሳትሸፍኚውስ?"

"ይንቀሳቀሳል። ሲቆይ ሁለት ሁለት ይሆናል።"

ወላሂ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚህ በፊት አስመርምሬያታለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ጥርት አድርጋ አነበበች። "ዓይኗ ምንም አልሆነም፤ ማንበብ ሰልችቷት ነው" ተብለን ተመለስን። አያቷ የሰው ዓይን ነው ትላለች። ዱዓው ይደረግላት፣ አልከለከልኩም። አስተማሪዋ ደግሞ ሰንፋለች ብላ ላከችብኝ። ልጄ ሰነፍ አይደለችም። በቃል የነገሯትን አንድም ሳትስት ነው የምትመልሰው።

አሁን አንዲት ደንበኛዬ በቴሌግራም የሚሸጥ "የዓይን ስፖርት" አሳየችኝ። ዋጋው 4 ሺህ ብር ነው። ዓይን ማሽከርከር፣ መዳፍ አሙቆ ዓይን ላይ መጫን፣ እርሳስ እያቀረቡ ማየት አለበት። "በ30 ቀን መነጽርዎን ይጥላሉ" ይላል። የኔ ልጅ ደግሞ መነጽርም የላት። 4 ሺህ ብር ለኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለዓይኗ ከሆነ ግን ማሽኔንም እሸጣለሁ። ብቻ እውነት የሚሠራ ነገር ይሁን። የምታውቁ ንገሩኝ።


የባጃጅ ሹፌር፣ ደሴ፦

እኔ ሞክሬዋለሁ እህቴ። መነጽሬ ማይነስ 2.50 ነው። ጠዋትና ማታ ዓይኔን አሽከረክራለሁ፣ መዳፌን አሙቄ እይዛለሁ። የሱቅ ማስታወቂያዎችን ከበፊቱ በተሻለ እያነበብኩ ነው። መነጽሩን ቀን ቀን ትቼዋለሁ። ማታ ብቻ አልፎ አልፎ አደርጋለሁ። ከፍለሽ አትግዢው፤ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ሞልቷል።


የዓይን ባለሙያ፣ ደሴ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። በመጀመሪያ 4 ሺህ ብርሽን ያዢ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ፣ ማለትም የዓይን ምርመራና የመነጽር ሙያ ተምሬ ነው የምሠራው። ልጅሽን ሳላያት በሽታዋ ይሄ ነው ልልሽ አልችልም። የነገረችሽ ቃል ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። አንድ ዓይን ሲሸፈን ፊደሉ ዝም የሚል ከሆነ፣ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲሠሩ ነው። ይሄን ቃሏን ለሚመረምራት ሰው እንዳለ ንገሪው። ብዙ ልጆች ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ ስለሚመስላቸው አይናገሩም። ያንቺ ልጅ ተናግራለች፤ ጎበዝ ናት።

ሰሌዳውን ለምን አነበበች? ሰሌዳው የሚነበበው 6 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ርቀት ሁለቱ ዓይኖች ቀጥ ብለው ነው የሚያዩት። መጽሐፍ 40 ሳንቲሜትር ላይ ሲመጣ ግን ሁለቱም ወደ አፍንጫ መሰብሰብ፣ ተሰብስበውም መቆየት አለባቸው። ሁለት ዓይን ጥማድ በሬ ነው፤ አንዱ ወደ ውጭ ካፈነገጠ ትልሙ ይጣመማል። መስመር መጥፋቱም፣ ሁለት ሆኖ መታየቱም፣ ግንባር ማመሙም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። በሕክምናው ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ ይባላል፤ እኛ የዓይን መሰብሰብ ድክመት እንበለው።

ሌላም ሊሆን ይችላል። የተደበቀ ፕላስ፣ ማለትም በፕላስ መነጽር የሚስተካከል ጉድለት ያላት ልጅ ሰሌዳውን አጥርታ ታነባለች፤ ቅርብ ላይ ግን ዓይኗ እየታገለ ይደክማል። ለዚህ መድኃኒቱ መነጽር ነው። ስለዚህ እንደገና ስትወስጃት እነዚህ ምርመራዎች ይደረጉላት። አንደኛው፣ እርሳስ ወይም ጣት ወደ አፍንጫዋ እየቀረበ የት ላይ ሁለት እንደሚሆንባት ይለካል። ዓይናቸው በደንብ የሚሰበሰብ ልጆች ከአፍንጫቸው 5 ወይም 6 ሳንቲሜትር እስኪቀር ድረስ አንድ አድርገው ያዩታል። ሁለተኛው፣ ዓይኗን እየሸፈኑ እየገለጡ ማየት ነው፤ የተደበቀ መንሸዋረር ካለ ያኔ ይወጣል። ሦስተኛው ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ነው፤ የተደበቀው ፕላስ የሚታየው በእሱ ነው። ጠብታው ያን ቀን የቅርቡን ያደበዝዝባታል፣ ፀሐይም ያስቸግራታል። ኮፍያ ያዢላት፣ በማግስቱ ፈተና ያላት እንዳይሆን ብቻ።

እንግዲህ ወደ ስፖርቱ ልምጣ፤ ዋናው ጥያቄሽ እሱ ነው። ለዓይን መሰብሰብ ድክመት ልምምድ ይሠራል። ይሄን የምልሽ በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ከ9 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 221 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቷል። ልጆቹ በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ክሊኒክ ሄዶ ከባለሙያ ጋር ለአንድ ሰዓት ይሠራል፤ ቤትም በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይለማመዳል። ሌላው ቤት ውስጥ እርሳስ እያቀረበ ማየት ብቻ ነው። ሦስተኛው ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ይሠራል፣ እርሳሱንም ይጨምራል። አራተኛው ልምምድ የሚመስል ግን ዓይንን የማይጠቅም ነገር ተሰጠው፤ ልጆቹ ይሄን አያውቁም። ከ12 ሳምንት በኋላ ከባለሙያ ጋር ከሠሩት ከመቶ 73ቱ ዳኑ ወይም ተሻላቸው። እርሳስ ብቻ የሠሩት ከመቶ 43 ናቸው። ይስሙላውን የሠሩት ደግሞ ከመቶ 35። አየሽ? እርሳሷ ብቻዋን ከይስሙላው ያን ያህል አልራቀችም። ልዩነቱን ያመጣው ልጁ በትክክል እየሠራ መሆኑን የሚያይ፣ ሲለምደው የሚያከብድለት ሰው መኖሩ ነው።

ያ ቴሌግራም ላይ ያለው ሰውዬ ልጅሽን አያያትም። ዓይኗ መሰብሰቡን ወይ አንዱ ማፈንገጡን አያውቅም። ዓይኑ ወደ ውስጥ የሚሄድ ልጅ ደግሞ አለ፤ እንዲህ ዓይነቱን ልጅ በእርሳስ የበለጠ ወደ ውስጥ ማስገባት ጉዳት ነው። ሳትመረመር ምንም አታስጀምሪያት።

ደሴ ላይ የዓይን ክሊኒኮች አሉ፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ስትመዘገቢ "ቅርብ ስታይ ሁለት ይሆንባታል" በይ። "ዓይኗን ያማታል" ብቻ ካልሽ ሰሌዳው ተነቦ መመለስ ይመጣል።


የዓይን ባለሙያ፣ ደሴ፦

ለባጃጅ ሹፌሩ ወንድሜ ለብቻው ልጻፍ።

ሩቅ የማታየው ዓይንህ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የዓይንህ ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ረዝሞ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ርዝመት ወደ 24 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ብቻ ሲጨምር ወደ ማይነስ 2.50 ወይም ማይነስ 3 ያደርስሃል። የረዘመን ኳስ ማሽከርከር አያሳጥረውም። ይሄ ሐሳብ የመጣው ከመቶ ዓመት በፊት ዊልያም ቤትስ ከሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ነው። ዓይን ሩቅና ቅርብን የሚያስተካክለው ከውጭ ያሉት ጡንቻዎች ኳሱን እየጨመቁ ነው ብሎ ያምን ነበር። የሚያስተካክለው ግን ውስጥ ያለው ሌንስ ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ለምን ተሻለህ? በየቀኑ የምታልፍበትን ማስታወቂያ አእምሮህ ያውቀዋል። ሲደበዝዝም መገመት ይለምዳል። ዓይን ማጥበብም ለጊዜው ያጠራል። መዳፍ አሙቀህ ዓይንህን ማሳረፍህ ጉዳት የለውም፤ ደስ ካለህ ቀጥልበት። ግን መነጽርህን አድርግ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጥምዝምዝ መንገድ ታውቀዋለህ። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ መነጽር ያደረገውም ይቸገራል። ባለ 2.50 ሰው መንገድ የሚያቋርጥን ልጅ በግምት ነው የሚያየው። ለሰው ነፍስ ብለህ፣ ለራስህም ብለህ፣ ቀንም ማታም አድርገው።


መምህር፣ ሐይቅ፦

እህቴ፣ "ሰንፋለች" መባሏ በጣም አሳዘነኝ። እኔ አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች አይጠፉም። አንገታቸውን አዘንብለው የሚያነቡ አሉ። ደብተር ላይ ተደፍተው የሚጽፉ፣ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ቃል የሚዘሉ አሉ። በክፍል 60 ልጅ ሲኖር ሁሉንም ማየት ይከብዳል። ግን ወላጅ መጥቶ ሲነግረን እንሰማለን። ሂጂና አስተማሪዋን በአካል አናግሪያት። የላከችልሽ መልእክት ላይ አትቁሚ።

እስክትታከም የሚጠቅማትን ልንገርሽ። ከምታነበው መስመር ሥር ማስመሪያ ታድርግ። በጣት መከተልን አትከልክያት፤ ነውር አይደለም። ብርሃን ከጎኗ ይምጣ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘንበል አድርገሽ አቁሚላት። አሥር አሥር ደቂቃ ታንብብና ተነስታ ውጭ ትይ። የእኛ ልጆች ሐይቁን ይመለከታሉ፤ እናንተ ጋ ደግሞ ተራራ አለ።

ለባለሙያው ጥያቄ አለኝ። አንዳንድ ተማሪዎቼ ዓይናቸው ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። ፊደል ግን ከድምፁ ጋር አይገናኝላቸውም። "ለ"ን እና "ሰ"ን ያምታታሉ። ለእነሱም የዓይን ልምምድ ይረዳ ይሆን?


የዓይን ባለሙያ፣ ደሴ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለእነዚያ ልጆች የዓይን ልምምድ መልስ አይደለም። ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት የቋንቋ ሥራ ነው፤ የሚሠራው አእምሮ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የጋራ መግለጫ ይሄንኑ ብለዋል። ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው ድምፁን እየነጠሉ፣ እየደጋገሙ በትዕግሥት ማስተማር ነው። ይሄን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የዓይን መሰብሰብ ድክመት ላለባቸው ልጆችም ቢሆን ተስፋውን በልኩ ማድረግ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ተከታይ ጥናት ነበር። በዚያ ጥናት የዓይን ልምምድ የሠሩት ልጆች ያነበቡትን በመረዳት ፈተና ይስሙላውን ከሠሩት አልበለጡም። ልምምዱ ሁለት ሆኖ መታየቱንና የዓይኑን ድካም ያስተካክላል። ንባቡን ግን ልጁ ቁጭ ብሎ ነው የሚለማመደው።


የወልድያው አባት፦

እኔ ደግሞ የልጄን ልናገር፤ ሌላ ዓይነት ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ነው። ቀኝ ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ግራው ግን ትልቅ ፕላስ ነበረው። እኛ ምንም አላየንም። ዓይኑ አይንሸዋረርም፣ ሮጦ አይወድቅም። ሲመረመር ቀኙን ሸፈኑትና በግራው ሰሌዳው ላይ ያለውን ትልቁን ምልክት እንኳ ሲያጣው ልቤ ደነገጠ። አእምሮው ግራውን ትቶ በቀኙ ብቻ እያየ ነው አሉኝ።

መጀመሪያ መነጽር ተሰጠው። መነጽሩን ትንሽ ጊዜ ካደረገ በኋላ ደህናውን ዓይን በቀን ለሁለት ሰዓት በዓይን ፕላስተር ሸፍኑት ተባልን። እኔ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ይሸፈን ብዬ ነበር። ባለሙያዋ የልጄ የዓይን ድክመት መካከለኛ ስለሆነ ሁለት ሰዓትም ስድስት ሰዓትም ተመሳሳይ ውጤት እንዳላቸው በጥናት መታየቱን ነገረችኝ። ዋናው ነገር ሳያቋርጡ ማድረግ ነው አለችን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ፕላስተሩን ይገነጥለዋል፣ ያለቅሳል። ደህናው ዓይን ሲሸፈን ዓለሙ ይደበዝዝበታል፤ እንዴት አያለቅስ። መላውን ያገኘችው እናቴ ናት። ምስር በሰፌድ አድርጋ "ና ጠጠር እንልቀም" ትለዋለች። ፕላስተሩ ተለጥፎ፣ ሰፌዱ ጭኑ ላይ፣ አፍንጫው ምስሩ ውስጥ ሊገባ ምንም አይቀረው። አንድ ጠጠር ባገኘ ቁጥር ትመርቀዋለች። በኋላ ራሱ "አያ፣ ፕላስተሬን ለጥፉልኝ፣ ምስር አለ?" ማለት ጀመረ። ባለሙያዋ ስንነግራት በጣም ደስ አላት። ጥቃቅን ነገር በቅርብ መሥራት በተሸፈነበት ሰዓት የሚመከር ነው አለች። አሁን በግራው ከሰሌዳው ታችኛዎቹ መስመሮች ላይ ደርሷል።

ከ7 ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ፣ አንድ ቀን አንዱን ዓይኑን ሸፍናችሁ ከዚያም ሌላውን ሸፍናችሁ ፊታችሁን እንዲያይ አድርጉት። አንደኛው ሲሸፈን ብቻ እጃችሁን ከገፋና ካለቀሰ ውሰዱት። ትልልቅ ልጆችም ይታከማሉ፤ በጊዜ ሲሆን ግን ይቀላል።


የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ፦

ወንድሞቼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አንብቤ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

ወሰድኳት። እንደተባልኩት "ቅርብ ስታይ ሁለት ይሆንባታል" አልኩ። እርሳሱን ወደ አፍንጫዋ ሲያቀርቡት 18 ሳንቲሜትር ላይ "ሁለት ሆነ" አለች። ከጎን ሆኜ አየሁት፤ ቀኝ ዓይኗ እርሳሱን ትቶ ወደ ውጭ ሸሸ። እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁትም የሚያሰኝ ነው፤ ቅርብ ካልመጣ አይታይማ። ጠብታውም ተደረገላት። መነጽር አያስፈልጋትም ተባለ። የመሰብሰብ ድክመት ነው አሉ፤ ልምምድ ተሰጣት። በየሁለት ሳምንቱ ተመላልሰን እንታያለን።

አንዱ ልምምድ በክር ነው። ሦስት ሜትር ክር ላይ ሦስት ቀለም። ዶቃ አላገኘሁምና ትልልቅ የካፖርት ቁልፍ አስገባሁበት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ አሰርኩት። ሌላውን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያዘች። ቀዩን ስታይ ክሩ ሁለት ሆኖ ቁልፉ ላይ መሻገር አለበት አሉን። እሷ ግን "አንድ ክር ነው ያለው" አለችኝ። ዓይኗን እርግብ እርግብ አድርጊ አልኳት። ቆየት ብላ "እማ! መጣ! ሁለት ሆኑና ተሻገሩ!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቁልፎቹ ችግር አላቸው? ደግሞ ስትጨርስ ዓይኔን ደከመኝ ትላለች፤ ላቁመው?


የዓይን ባለሙያ፣ ደሴ፦

ማሻአላህ! እንኳን ደስ ያለሽ።

ክር አንድ ብቻ ሲታያት አእምሮዋ የአንዱን ዓይን ምስል ዘግቶት ነው። ዓይን እርግብ ማድረጉ ጥሩ አድርገሻል፤ ሲጠፋባት እሱን ታድርግ ወይም ክሩን በጣቷ ትንሽ ታርገብግበው። ሁለቱ ክሮች የሚሻገሩት ቁልፉ ላይ ከሆነ ዓይኖቿ በትክክል ተሰብስበዋል። ከቁልፉ ወዲያ ከተሻገሩ ገና አልደረሱም። ወዲህ ከተሻገሩ አልፈው ገብተዋል። ይሄን ራሷ እንድትነግርሽ አስተምሪያት፤ "ወዲያ ነው፣ ወዲህ ነው፣ ላዩ ላይ ነው" ትበል። አንቺ ከጎን ሆነሽ ዓይኗን እዪ።

ቁልፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክሩ ላይ ይሽከረከራል፣ በጠርዙ ሲዞር ቀጭን ይሆንባታል። ክብ ዶቃ ይሻላል። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚሄድ ሰው ካለ ጨሌ ያምጣልሽ። የሚያብለጨልጭ አይሁን፤ ነጸብራቁ ያሳስታታል።

ድካሙ ሲጀመር ያለ ነው። ቀለል ያለ የግንባር መክበድ ዕረፍት ስታደርግ ከጠፋ ቀጥሉ። ልምምዱን ከትምህርት ቤት እንደመጣች አታድርጉት፤ በልታ፣ ተጫውታ ይሁን። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም ሩቅም ስታይ በድንገት ሁለት መሆን ከመጣ ግን ልምምዱን ትተሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃት።

ቀጠሮዋ ላይ ክሩን ይዘሽ ሂጂ። እዚያው ፊታቸው ትሥራው።


የባጃጅ ሹፌር፣ ደሴ፦

መነጽሬን አድርጌያለሁ ወንድሜ። እህቴ፣ ሰኞ ባቲ የሚሄድ ዘመድ አለኝ። ስንት ዶቃ ይምጣ?


የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ፦

አላህ ይስጥህ። ስድስት ይሁን፤ ለአስተማሪዋም አንድ ክር ሠርቼ ላሳያት ነው።